የታሪክ ልቦለድ ከቤተ መንግሥት ደጅ ይነሳ

የታሪክ ልቦለድ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣልን ንጉሥ ነው። ዘውድ፣ ሴራ፣ ጦርነት። በእነዚህ ላይ የተጻፉ ጥሩ ጥሩ ሥራዎች አሉን፤ አልክድም። ግን ደራሲዎቻችን ታሪክ ፍለጋ ሁልጊዜ ቤተ መንግሥት ደጅ ሲጠኑ ሳይ ይከፋኛል።

ሐዲስ ዓለማየሁን አስቧቸው። የእሳቸውን ያህል ትልልቅ ነገር ያየ ደራሲ ጥቂት ነው። ከራስ እምሩ ጋር ሆነው ጣሊያንን ተዋግተዋል። ተማርከው ጣሊያን አገር ለዓመታት ታስረዋል። ኋላ አምባሳደርም ሚኒስትርም ሆነዋል። ታዲያ ልቦለድ ሊጽፉ ሲቀመጡ ጦርነቱን ወይም ቤተ መንግሥቱን ቢመርጡ ማን ይፈርድባቸው ነበር? እሳቸው ግን ወደ ጎጃም ተመለሱ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምረው ማንኩሳ ነው፣ ከባላገር ቤት።

የቤቱ ልጅ በዛብህ የቤተ ክህነት ተማሪ ይሆናል። ሐዲስ ይህን ከሰው አልሰሙትም። ራሳቸው ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ ተምረዋል። ደበሎ፣ አኩፋዳ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጅ መቆም፣ የሰው ውሻ፣ የቅኔ መምህር ቁጣ፤ ይህ ሁሉ ያደጉበት ዓለም ነው። ለዚህ ነው ዲማ በመጽሐፉ ውስጥ ስሟ ብቻ ሳይሆን ኑሮዋም ያለው።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የግብሩ ነገር ነው። የመጽሐፉ ባላባት ፊታውራሪ መሸሻ በባላገሩ ላይ ግብር ያከብዳሉ። ባላገሩ እምቢ ይላል። በአበጀ በለው መሪነት ይነሳና ፊታውራሪውን ይማርካቸዋል። መጀመሪያ ስናነብ ልባችንን ይዞት የሚሄደው የፊታውራሪው ልጅ የሰብለ ወንጌልና የበዛብህ ፍቅር ነው። ይህን ገጽ ቶሎ ቶሎ እናልፈዋለን። ረጋ ብላችሁ ስታነቡት ግን ባላገሩን የሚያስገብረውና ሁለቱን ወጣቶች የሚለያየው አንድ ሥርዓት መሆኑ ይታያችኋል። የፊታውራሪው ዘመድ ጉዱ ካሣ ጉሮሮው እስኪደርቅ የሚሟገተውም ከዚሁ ሥርዓት ጋር ነው።

መጽሐፉ በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1960 ዓ.ም.፣ እውነተኛው የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ምክንያት አመፀ። ነገሩ ርስቴን እስከመንጠቅ ይሄዳል ብሎ ሰጋ። ጦር ዘመተበት፤ አውሮፕላን ሳይቀር። በመጨረሻ መንግሥት የጠቅላይ ግዛቱን ገዥ አነሳ። ሐዲስ ነቢይ ሆነው አይደለም። ባላገሩ እስከ የት እንደሚችል፣ የቱ ጋ ሲደርስ «በቃኝ» እንደሚል ስለሚያውቁ ነው።

በዓሉ ግርማም «ኦሮማይ» የተሰኘውን ልቦለድ የጻፈው ደርግ በኤርትራ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ሄዶ፣ ነገሩን በዓይኑ አይቶ ነው። መጽሐፉ በ1975 ወጥቶ ታገደ። በዓሉ በ1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ቦታው ላይ ተገኝቶ ያየ ደራሲ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

ዛሬስ? የመሬት አዋጁ በየካቲት 1967 ሲታወጅ ሃያ ዓመት የሞላው ገበሬ አሁን ሰባን አልፏል። ለባለ ጉልት ምን ይሰፈር እንደነበር፣ በበዓል ምን ይወሰድ እንደነበር፣ ማን ማንን እንዳያገባ ይከለከል እንደነበር በቃሉ የሚነግረን እሱ ነው። ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መዛግብት፣ ያለው ሰነድ ይጠብቀን ይሆናል። ሽማግሌው አይጠብቀንም።

ስለዚህ ለወጣት ደራሲዎች የምለምነው አንድ ነገር ነው። ቀጣዩን መጽሐፍ ከመጀመራችሁ በፊት አውቶቡስ ተሳፈሩ። እኔ ብዙ ላነብ የምጓጓው ስለ 1960ው አመፅ ነው፤ ግብር ተማኙ ወደ መንደሩ ሲመጣ ሴቶቹ ምን እንደተባባሉ፣ እህሉ የት እንደተደበቀ፣ ያ አውሮፕላን ሲያንዣብብ ከብቱን ማን እንዳስገባው።