መጣ… ሄደ

ጨርሶ የሞተ ዕቃ ጥሩ ነው። ቁርጥህን ታውቃለህ፣ ትቀብረዋለህ፣ ወይ ለቆራሌው ትሰጠዋለህ። መከራው ያለው አንዴ እየሠራ አንዴ የሚያኮርፈው ላይ ነው። የእኔ የቤዝ አምፕ፣ ማለትም የጊታሬ ድምፅ ማጉያ ሳጥን፣ የኩርፊያ ዘር ነው። ድምፁ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሲሄድ አያስጠነቅቅም፣ ሲመጣም የት እንደነበር አይናገርም።

ቤዝ ጊታር ነው የምጫወተው። አራት ክር ያለውን። «ሁለቱ ተበጥሶብህ ነው?» ብሎ ያልጠየቀኝ ዘመድ የለም። ሊዮ ፌንደር እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝን ሲያወጣ፣ ሰው የሚያክለውን ኮንትራባስ ከመሸከም ገላገለን ይባላል። ልክ ነው፣ ገላግሎናል። ከዚያ አምፕ አሸከመን። ማሲንቆ ተጫዋቹን አያችሁት? ጭራው ከላላ ያጠብቃል፣ ደጋኑን ዕጣን ያሻል፣ ይቀጥላል። ሶኬት ፍለጋ ጠረጴዛ ሥር ሲድህ አይታይም።

ባለፈው ጥር ነው። ድንኳን ውስጥ ሠርግ ላይ ነን። ሁለተኛው ዘፈን፣ ቺክቺካው ገና መሞቅ ሲጀምር፣ ቤዙ ጭልጥ ብሎ ጠፋ። «ቤዝ ጠፋ» ያለ አንድም ሰው የለም። ቤዝ የወጥ ጨው ነው፤ ሲኖር የሚያመሰግነው የለም፣ ሲጎድል ሁሉም ጉርሻውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ዙሪያውን ያያል። ትከሻቸው ግን አወቀ። ያ ሁሉ ሲንቀጠቀጥ የነበረ ትከሻ ቀስ እያለ ረገበ።

ድራመሩ ከኋላዬ ጮኸ፦ «ባትሪህ ነው!»

«የእኔ ጊታር ባትሪ የለውም።»

«ታዲያ እሱ ነዋ ችግሩ!»

ኪቦርዲስቱ «ኮረንቲ አንሶ ነው» አለ። የሱ ኪቦርድ ከእኔው ማከፋፈያ ላይ ተሰክቶ እንደ ወፍ ይዘምራል። ሳውንድማኑ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው፣ ከሩቅ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ከእኔ አይደለም» አለ። ሳውንድማኖች ይህችን ዓረፍተ ነገር ከሙያው በፊት ነው የሚማሯት።

በዚህ መሃል የሙሽራው አጎት መጡ። ጥቁር ሱፍ፣ በግራ እጅ ብርሌ። «እስቲ ዞር በል ልጄ» አሉኝ። ዞር አልኩ። አምፑን አናቱ ላይ በጥፊ አሉት። ዝም። ደገሙት። ዝም። ሦስተኛውን ከትከሻቸው ጀምረው አሳረፉበትና፣ ቡም! ቤዙ ተመለሰ። ድንኳኑ በእልልታ ቀለጠ። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ጣቴ እስኪላጥ ስጫወት እልል ተብሎልኝ አያውቅም። አጎትየው ብርሌያቸውን ከፍ አድርገው ለሕዝቡ ሰላምታ ሰጡና «በእኛ ጊዜ ቴሌቪዥኑም እንዲሁ ነበር» ብለው ተቀመጡ።

ሁለት ዘፈን ቆይቶ ሄደ። ድራመሩ ኬብሌን በእግሩ ገፋ ሲያደርግ መጣ። «ኬብል ነው አላልኩም?» አለ። ባትሪ ነበር ያለው። ደግሞ ሄደ። ድምፃዊቷ አጠገቡ ስታልፍ መጣ፤ ምንም አላደረገችም፣ ቀሚሷ ብቻ ነው የነካው። ቢሆንም ሌሊቱን ሙሉ «እኔ ስጠጋው እኮ ነው» ስትል ነበር። መጥቶ የሚሄድ ብልሽት የሚሠራው ጉድ ይሄ ነው። ድምፁ በራሱ ጊዜ ሲመለስ እጁ አምፑ ላይ የተገኘ ሁሉ መሐንዲስ ሆኖ ይመረቃል። እዚያ ሠርግ ላይ ሦስት መሐንዲስ አስመርቄ ነው የወጣሁት።

ቤት አምጥቼ ሳሎን ላይ አስቀመጥኩት። ኮንዶሚኒየም ነውና ጎረቤት ዜናውን ሰማ። ከላይ ያሉት እማማ ጠርሙስ ይዘው ወረዱ። «ዓይን ነው ልጄ፣ ሠርግ ላይ የማያይ የለም። ትንሽ ጠበል ልርጭበት።» እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ጠበሉን ንቄ አይደለም፤ አምፑ 220 ቮልት ላይ እንደተሰካ ነበር። ለእኔ ረጭተውልኝ ተመለሱ።

በማግስቱ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ስሙ ይቅር። እዚያ ሲደርስ አምፔ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሐኪም ደጅ ሲደርስ ጥርሱ እንደሚተወው ሰው ሆነ። ግማሽ ሰዓት ተጫወትኩበት፣ አንዴም አልጠፋም። ልጁ እጁን አጣጥፎ ሲያዳምጥ ቆይቶ «ቦርዱ ሞቷል፣ ይቀየር» አለኝ።

«አሁን እየሠራ ነው እኮ!»

«ሲሞት እንዲህ ነው።»

የዋጋውን ነገር ተዉት። አምፑን እንደ ሕፃን አቅፌ ወጣሁ።

መጨረሻ ላይ ነው ሰፈራችን ያሉትን ሬዲዮ ጠጋኝ ያስታወስኩት። ሰው መጀመሪያ የሚያስታውሰውን መጨረሻ ላይ ያስታውሳል። ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አምፑን ሳይነኩ መጠየቅ ጀመሩ።

«ሲጠፋ መብራቷ ትጠፋለች?»

«አትጠፋም ጋሼ።»

«ከመጥፋቱ በፊት ይንኮሻኮሻል?»

«አንዳንዴ።»

«ክሩን ጠንከር አድርገህ ስትመታው ይመለሳል?»

አሰብኩ። ይመለሳል! አጎትየው ሦስተኛዋን ጥፊ ሲያሳርፉ እኔም ተናድጄ ወፍራሙን ክር መዠለጥ አድርጌው ነበር። ማን ያስታውሰኛል፣ እልልታው ለጥፊው ነበር።

ሌላ ኬብል ሰጡኝ፤ ጥቂት ቆይቶ ሄደ። ከጎረቤት ጊታር አስመጡ፤ ሄደ። «እንግዲህ ኬብሉም ጊታሩም ነፃ ናቸው» አሉና አምፑን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞሩት። ከጀርባው ጎን ለጎን ሁለት የጃክ ቀዳዳዎች አሉ። አንዷ «ሴንድ»፣ አንዷ «ሪተርን»።

«እዚህ ምን ትሰካለህ?»

«ምንም።»

«ለዚህ ነዋ።»

እነዚህ ቀዳዳዎች ኢፌክት፣ ማለትም የድምፅ መለወጫ መሣሪያ፣ ለሚሰካ ሰው ናቸው። ድምፁ ከፊተኛው ክፍል በሴንድ ወጥቶ፣ ኢፌክቱ ውስጥ ዞሮ፣ በሪተርን ተመልሶ ወደ አምፑ የማጉያ ክፍል ይገባል። ምንም ካልተሰካ ደግሞ ሪተርን ውስጥ ያለች የጥፍር ቁራጭ የምታክል የብረት ምላስ ሁለቱን ታገናኛለች። ሙሉው ድምፄ የሚያልፈው በእሷ ላይ ነው። ዓመታት ሳትነካ አቧራ ይጠጣባታል፣ ትዝጋለች። በዚያ ላይ የቤዝ ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ገደማ ነው የሚርገበገበው፤ ሳጥኑ አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ ምላሷም አብራ። አንዴ ትነካለች፣ አንዴ ትለቃለች። አምፔ ሰውነቱን የሚያናጋው በገዛ ድምፁ ነበር።

ጋሼ ከመሳቢያ ክንድ የማትሞላ ኬብል አወጡ። አንዱን ጫፍ ሴንድ ላይ፣ ሌላውን ሪተርን ላይ ሰኩ። «ምታው» አሉኝ። መታሁት። መደርደሪያው ላይ ያሉት የሬዲዮ ሬሳዎች ሁሉ ተንጫጩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ተጫወትኩ፤ አልሄደም።

«ሲመችህ አምጣው፣ ውስጡን አጸዳልሃለሁ። ራስህ እንዳትከፍተው ብቻ። ከሶኬት ተነቅሎም የተጠራቀመ ኮረንቲ ይይዛል፤ ይጥልሃል።» ገንዘብ አልቀበልም አሉ። ኬብሏንም ሰጡኝ።

እኔም «ሲመችህ» የተባለውን በሀበሻ አፈታት ፈታሁት። አምፑ እየሠራ ምን አጣደፈኝ? ጥርና የካቲት በሰላም አለፉ። ከፋሲካ በኋላ ያ ቤተሰብ ሁለተኛ ልጁን ሲድር እኛኑ ጠራን። ያው ድንኳን፣ ያው ማከፋፈያ። አንደኛው ዘፈን አለቀ። ሁለተኛው ላይ፣ ቺክቺካው መሞቅ ሲጀምር፣ ቤዙ ጭልጥ።

«ከእኔ አይደለም!» አለ ሳውንድማኑ።

ወደ አምፑ ጀርባ ተንጠራርቼ አየሁ። ኬብሏ የለችም። ቀና ስል ጊታሪስቱ እግር ሥር፣ ሁለት የኢፌክት ፔዳል መሃል ተሰክታ አየኋት።

«ከየት አመጣሃት?»

«ከአምፕህ ጀርባ። ከራሱ ወጥታ ተመልሳ እዚያው ራሱ ውስጥ ትገባለች። ምን ትሠራለች ብዬ ነው።»

መልስ ሳልሰጠው፣ ከወዲያኛው ጠረጴዛ አጎትየው ብርሌያቸውን አስቀምጠው፣ የቀኝ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ሲመጡ አየሁ።