የጁላይ 4 ዋዜማ

የአሜሪካ ፓስፖርት የያዝን ሐበሾች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው፤ ቁጣው እኔንም አይምርም።

እ.ኤ.አ. በ2019 ኢቲ 302 ወድቆ 157 ሰው ሲያልቅ፣ ጥፋቱን በፓይለቶቹ ለማላከክ ሲሞከር እንዴት አንገበገበን! ልክም ነበርን። ታዲያ ስለ ኢራን አየር መንገድ በረራ 655 ምን አፋችንን ዘጋው?

ጁላይ 3 ቀን 1988 የበረራው ኤርባስ አውሮፕላን ከኢራኗ ባንዳር አባስ ከተማ ወደ ዱባይ ተነሣ፤ የ28 ደቂቃ መንገድ ነው። 7 ደቂቃ ያህል እንደበረረ ቪንሰንስ የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ፣ ያውም የኢራን የባሕር ክልል ውስጥ ገብታ፣ በሁለት ሚሳኤል መታችው። 290 ሰው አለቀ፤ 66ቱ ልጆች።

የዚያኑ ዕለት ፔንታጎን ምን አለ? አውሮፕላኑ ከመስመሩ ወጥቶ፣ ቁልቁል ወደ መርከቧ እየመጣ ነበር አለ። ጥፋቱ የፓይለቱ መሆኑ ነው! የመርከቧ የራሷ መዝገብ ግን ሽቅብ እየወጣ እንደነበር፣ መስመሩንም እንዳልለቀቀ አሳየ።

መርማሪዎቹ እንደደረሱበት፣ የመርከቧ ባለሙያ አውሮፕላኖች የሚልኩትን የመለያ ኮድ መቀበያውን አውሮፕላን ማረፊያው ላይ እንዳነጣጠረ ተወው። ኤርባሱ ርቆ ሄዷል፤ መቀበያው መሬት ላይ የቆመ የጦር አውሮፕላን ኮድ ሳይለቅም አልቀረም፤ የኤርባሱም ስም «ኤፍ-14»፣ ማለትም የጦር ጄት ሆነ። ማስጠንቀቂያ 10 ጊዜ ተላልፏል። ሰባቱ የመንገደኛ አውሮፕላን በማይሰማው ወታደራዊ ሞገድ ነው። ሦስቱ የመንገደኛ አውሮፕላን በሚሰማው የአደጋ ጊዜ ሞገድ፣ በ121.5 ሜጋኸርዝ ቢተላለፉም፣ አውሮፕላኑን ለመለየት የተጠራው ፍጥነት ከመሬት አንጻር የተለካው ነበር፤ ፓይለቱ ፊት ያለው መሣሪያ የሚያሳየው ደግሞ በአየር ውስጥ ያለውን ፍጥነት ነው። «እኔን ነው» እንዲል ከየት ያውቃል?

የመርከቧ አዛዥ በ1990 ሜዳይ ተሸለመ። በ1996 ካሳ ተከፈለ፤ ጥፋተኛ ነኝ ያለ የለም። ሥራ ለነበረው 300,000 ዶላር፣ ላልነበረው 150,000። ሕፃን ሥራ የለውም፤ ስለዚህ ግማሽ።

«ኢራናውያኑስ 52 አሜሪካውያንን 444 ቀን አግተው የለም?» ትሉኛላችሁ። አግተዋል። በ1953 የኢራኑን ጠቅላይ ሚኒስትር ሞሳዴቅን ያወረደውስ ማን ነው? አሜሪካም አለችበት። በዚህ ሂሳብ ስንቆጥር እንኖራለን፤ እኔም ስቆጥር ኖሬያለሁ።

ግብር እንከፍላለን፣ ድምፅ እንሰጣለን፤ «የፈረንጆቹ ጉዳይ ነው» ማለት አያምርብንም። የሟቾቹ ዘመዶች በየዓመቱ ባሕሩ ላይ አበባ ይበትናሉ። እኛ በማግስቱ፣ በአሜሪካ የነፃነት ቀን፣ ሥጋ እንጠብሳለን፣ ርችት እናያለን። ጥብሱን ተዉ አልልም፤ ማንስ ይሰማኛል? ልጆቻችሁ ርችቱን ሲጠብቁ፣ ስለ ኢቲ 302 በምታወሩበት አፍ ቁጥሯን ብቻ ጥሩላቸው፤ 655።