የወንድ ልጅ ችፌ እና የፋርማሲው ቅባት

ክረምት ሲገባ ጅማ ውስጥ ልብስ ቶሎ አይደርቅም። ፓንት ርጥበቱ ሳይለቀው ይለበሳል። ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ላይ ለሚውል ሰው ደግሞ ላቡ ይጨመርበታል። ብሽሽትና ቆለጥ አካባቢ ማሳከክ የሚብሰው ያኔ ነው፤ አንዱ ምክንያት ችፌ፣ ማለትም የቆዳ መቆጣት ነው። ብዙ ወንድ ግን ሐኪም ጋ ከመሄድ ይልቅ ፋርማሲ ይገባል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የሚያሳክክ ነገር ነበረኝ» ይላል። የት እንደሆነ ሳይጠየቅ ቅባት ይዞ ይወጣል። ይሄ መቆም አለበት።

እንዲህ ከሚሸጡት መካከል ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታዞል ያለባቸው፣ ጠንካራ የስቴሮይድ (የቆዳን መቆጣት የሚያበርድ መድኃኒት) ቅባቶች አሉ። የቆለጥ ቆዳ ደግሞ በጣም ስስ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ሃይድሮኮርቲዞን የተባለው ቀለል ያለ ስቴሮይድ በቆለጥ ቆዳ የሚሰርገው በክንድ ቆዳ ከሚሰርገው ከ40 እጥፍ በላይ ነው። ጠንካራው ቅባት ለሳምንታት ሲቀባ ቆዳው ይሳሳል፣ ይቀላል፣ ያቃጥላል። ሲተውት ይብስና እንደገና ይቀቡታል። በሽታው ጭርት ከሆነማ ማሳከኩ ጋብ ይላል እንጂ ፈንገሱ ውስጥ ውስጡን ይስፋፋል።

ችፌ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የአባላዘር በሽታም አይደለም። ይህን ሚስቶችም ቢያውቁት ደስ ይለኛል፤ በከንቱ ጥርጣሬ ቤት መታወክ የለበትም። የሚያስነሱት ነገሮች ብዙዎቹ በእጃችን ያሉ ናቸው፦ ሽታ ያለው ሳሙና፣ በደንብ ያልታጠበ ኦሞ፣ ላብ፣ ጠባብ ልብስ፣ አንዳንዴም ኮንዶም። «ይገድለዋል» ብሎ ሎሚ፣ አልኮል ወይም ዴቶል ማፍሰስ ቆዳውን ከማቃጠል ሌላ ጥቅም የለውም።

ለብ ባለ ውሃ ብቻ መታጠብ፣ ሳያሹ ማድረቅ፣ ሽታ የሌለው ቫዝሊን መቀባት፣ ሰፋ ያለ የጥጥ ፓንት መልበስ ብዙ ሰው ያሳርፋል። ካልተሻለ ሐኪሙ ቀለል ያለ ስቴሮይድ ለጥቂት ቀን ያዛል።

ከፋርማሲ ባለሙያዎቻችን የምጠይቀው ትንሽ ነው። «የት ነው? ከመቼ ጀምሮ?» በሉ። ሰውየው ካፈረ ወደ ጎን ጥሩትና ጠይቁት። ማታ ማታ የሚብስበትና ቤተሰቡም የሚያክ ከሆነ እከክ ሊሆን ስለሚችል ቤቱ ሁሉ አብሮ መታከም አለበት። ቁስል ወይም ከብልት የሚወጣ ፈሳሽ ካለ ግን ቅባት አትሽጡለት፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ላኩት።