የተሰነጠቀው አግዳሚ፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ሆቢ 16 ሁለት ቀጫጭን ታንኳዎች በአሉሚኒየም አግዳሚ ተያይዘው የሚሠሩባት ባለ ሸራ ጀልባ ናት። ካሊፎርኒያዊው የሰርፍ ሰሌዳ ሠሪ ሆቢ አልተር ገበያ ላይ ያወጣት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ርዝመቷ 5 ሜትር፣ ክብደቷ 145 ኪሎ ገደማ ነው። ሳንዲያጎ፣ ሚሽን ቤይ ላይ ከእነዚህ አንዷን አሮጌ በጋራ የገዙ ሁለት ወዳጆች አሉ። የፊተኛው አግዳሚ የሸራው ምሰሶ የሚቆምበት ቦታ ላይ ተሰነጠቀባቸው። ስንጥቁ ከሪቬት ቀዳዳ ተነስቶ 3 ሳንቲሜትር ያህል ሄዷል። አንደኛው በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ለዓመታት የሠሩ በያጅ ናቸው። ሌላኛው የአንዲት የ11 ዓመት ልጅ አባት ነው። መስማማት ስላልቻሉ ክርክራቸውን በጽሑፍ አደረጉት።

ይጠገን ባዩ

ወንድሜ፣ እኔ ልጆቼን ያሳደግኩት የተሰበረ እያዳንኩ ነው። ይህ አግዳሚ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደህና ነው። የታመመው ከመዳፍ የማይበልጥ ቦታ ነው። ለእሱ ብለን ሙሉውን እንጣለው? የስንጥቁ ጫፍ ላይ በ3 ሚሊ ፑንታ ቀዳዳ አወጣለሁ፤ ከዚያ አልፎ እንዳይሮጥ ይይዘዋል። ቀጥሎ በአርጎን እበይደዋለሁ። በሞረድ አስተካክዬ የምሰሶውን መቀመጫ እመልሳለሁ። ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው።

ይቀየር ባዩ

ጋሼ፣ እጅዎን አውቀዋለሁ። ተራ ብረት ቢሆን ኖሮ አልከራከርዎትም ነበር። ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የሚመረጠው 6061-ቲ6 የሚባለው አሉሚኒየም ግን ጥንካሬውን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በሙቀት ታክሞ ነው። ሲበየድ ያ ሕክምና ይጠፋል። ከብየዳው ጎን ያለው ብረት ይለሰልስና ጉልበቱ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። ብየዳው ራሱ ቢይዝ እንኳ ጎኑ ይሄዳል።

ሪቬቱ ሥር ያየነውን ነጭ ዱቄትም ያስታውሱ። በጥፍሬ ስነካው እንደ ኖራ ተፈረፈረ። ስቴንለስ ሪቬት አሉሚኒየም ውስጥ ገብቶ የጨው ውሃ ሲያገኘው እንደ ባትሪ ይሠራል። የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ከላይ ይህን ያህል ከታየ ከውስጥ ያለው ያስፈራኛል።

ምሰሶው 8 ሜትር ነው። አግዳሚው ቢሰበር ምሰሶው ይወድቃል፣ ሁለቱ ታንኳዎችም ይላቀቃሉ። ልጄ ሁልጊዜ የምትቀመጠው ፊት ለፊት፣ እዚያው ምሰሶው ሥር ነው።

ይጠገን ባዩ

ስለ ብየዳው ልክ ነህ፤ ትቼዋለሁ። ጥገና ማለት ግን ብየዳ ብቻ አይደለም። ልኩን የያዘ ቱቦ ከውስጥ አስገብቼ፣ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ 30 ሳንቲሜትር አሳልፌ፣ በኢፖክሲና በሪቬት አስረዋለሁ። እሳት አይነካውም። የቱቦውን ሁለት ጫፎች ሰያፍ እቆርጣቸዋለሁ፤ ጫናው አንድ መስመር ላይ እንዳያርፍ። ሪቬቶቹንም ከአሉሚኒየሙ የሚለያቸውን ቅባት ቀብቼ ነው የማስገባቸው፤ ያ ነጭ ዱቄት እንዳይመለስ።

አሁን አንተ መልስልኝ። ስንጥቁ ለምን መጣ? አንተ የምታወራው ስለ ቁስሉ ነው። ትናንት ማታ በባትሪ መብራት ከሥሩ ገብቼ ነበር። ከአግዳሚው በታች ከጫፍ እስከ ጫፍ የተዘረጋውን ቀጭን ዘንግ ታውቀዋለህ። በሁለት ጣቴ ሳነቃንቀው ተንቀጫቀጨ። ያ ዘንግ እንደ ቀስት ገመድ መወጠር ነበረበት። ሸራው ነፋስ ሲይዝ ምሰሶው የአግዳሚውን መሀል ወደ ታች ይጫነዋል። መሀል ላይ ያለችው አጭር ድጋፍ ጫናውን ለዘንጉ ትሰጠዋለች፣ ዘንጉ ደግሞ ወደ ሁለቱ ጫፎች ይወስደዋል። ዘንጉ ከላላ አግዳሚው ብቻውን ይጎብጣል። ማዕበል በመጣ ቁጥር ጎበጥ፣ ቀና። ሲጎብጥ ደግሞ የመቀመጫው ሪቬቶች ቀዳዳቸውን ይቆረጥማሉ።

ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጠርኩ። መሀሉ 6 ሚሊ ዝቅ ብሏል። ቀጥ ማለት፣ እንዲያውም ትንሽ ወደ ላይ ቀና ማለት ነበረበት። ዘንጉን የሚወጥረውን ዳዶ ማንም አላጠበቀውም፤ እኔም አንተም። አዲስ አግዳሚ ገዝተህ ዘንጉን እንዲሁ ብትተወው ያንንም ትሰብረዋለህ።

ደግሞ አሮጌውን አግዳሚ እንዴት ነው የምታወጣው? ሁለቱም ጫፍ ከታንኳዎቹ ጋር የሚያገናኙት ጥግ መያዣዎች ውስጥ ገብቶ በሪቬት ታስሯል። ስንት ዓመት ጨው ጠጥቶ አንድ አካል ሆኗል። መያዣው ቀልጦ ፈስሶ የተሠራ ነው። በመዶሻ ብትመታው አይታጠፍም፣ ይሰበራል። አንድ ስብራት ይዘህ ገብተህ በሦስት ትወጣለህ።

ይቀየር ባዩ

ጋሼ፣ የዘንጉ ነገር እኔ ያላየሁት ነው። አመሰግናለሁ። ግን ያገኙት ነገር ለእኔ ነው የሚመሰክረው። አግዳሚው ለዓመታት ያለ ድጋፍ ሲጎብጥ ከኖረ የደከመው ስንጥቁ ያለበት ቦታ ብቻ አይደለም። ብረት ከተወሰነ መጠን በታች ያለ ጫና ቢደጋገምበት ይችለዋል። አሉሚኒየም እንዲህ ያለ ወሰን የለውም። ትንሹም ጫና ይጠራቀማል። ዛሬ አንዱ ሪቬት ጋ ተሰነጠቀ፣ ነገ ጎረቤቱ ነው። አሁንም ዝቅ ብሎ የቀረ አግዳሚ ውስጥ ቀጥ ያለ ቱቦ እንዴት ያስገባሉ?

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ያ ቱቦ በየት በኩል ይገባል? በጫፉ ካልሆነ መንገድ የለውም። በጫፉ ለማስገባት ያንኑ ጥግ መያዣ ማውጣት ሊኖርብዎ ነው። ለእኔ ያነሱት መዶሻ ለእርስዎም ይጠብቅዎታል።

እኔ መያዣውን አልመታም። ከ100 ሺህ በላይ ሆቢ 16 ተሠርቷል። ታንኳው ለስልሶ የተጣለ፣ ፍሬሙ ግን ደህና የሆነ ጀልባ አይጠፋም። ፍሬሙን ከነአራቱ ጥግ መያዣው እንገዛለን። አሮጌው ፍሬም ከታንኳዎቹ ላይ በብሎን ተፈትቶ ይነሳል፣ ሌላው በቦታው ይቀመጣል። ከዚያ ከጥግ ጥግ በሰያፍ እንለካለን። ሁለቱ ልኮች እኩል ከሆኑ ታንኳዎቹ ትይዩ ናቸው።

ይጠገን ባዩ

ስለ ቱቦው መግቢያ ያነሳኸው ከባድ ነው፤ አልሸሸውም። አንዱን ጫፍ ማውጣት አለብኝ። ሪቬቶቹን በትራፓኖ አውጥቼ፣ ዘይት አጠጥቼ ሦስት ቀን አቆየዋለሁ። ከዚያ የፈላ ውሃ አፈስበታለሁ። 100 ዲግሪ አሉሚኒየሙን አያለሰልሰውም፤ የተጣበቀውን ግን ሊያላቅቅ ይችላል። መዶሻ ሳላነሳ እሞክራለሁ።

የሰው ፍሬም ላይ ግን እጄ አይሄድም። ሶማሌ ተራ ያስተማረኝ ይህንኑ ነው። ከላይ የሚያብረቀርቅ ስፔር ስንቱን መንገድ ላይ አስቀርቷል። የእኛን አግዳሚ ሕመሙን አውቀዋለሁ። የዚያኛው ዘንግ ስንት ዓመት ላልቶ እንደኖረ ማን ይነግረኛል? የምትገዛ ከሆነ ከፋብሪካ አዲስ ግዛ። እሱ ከሆነ ገንዘቤን አዋጣለሁ።

ይቀየር ባዩ

ስለ አሮጌው ፍሬም አሳመኑኝ። የምሰሶውን መቀመጫ ነቅለን፣ ሥሩን ሳናይ ከማንም አንገዛም። የራሳችንንም ገና ከመቀመጫው ሥር አላየነውም።

ቅዳሜ ጠዋት ትራፓኖዎን ይዘው ይምጡ፣ መቀመጫውን እናንሳ። በሪቬት ቀዳዳው ቀጭን ካሜራ አስገብተን ውስጡን እንይ። ዘንጉንም ፈተን ክሩን እንደገና እንወጥር። ስንጥቁ ሁለተኛው ሪቬት ጋ ከደረሰ፣ ወይ ውስጡ ከተበላ፣ ወይ አግዳሚው ጎብጦ ከቀረ አዲስ እናዛለን። ሦስቱም ከሌሉ የእርስዎን ቱቦ እቀበላለሁ፤ ግማሹን ወጪም እኔ እችላለሁ። በየትኛውም መንገድ ዳዶውን የምናጠብቀው አብረን ነው።

ምሰሶውን ዛሬ አውርጄዋለሁ። ልጄ ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝና ስንጥቁን አሳየኋት። በጣቷ ተከትላው ሄዳ፣ ዱቄቱ ጋ ስትደርስ ቆመች።