ፌሬት ከመግዛታችሁ በፊት ቤታችሁ ማን እንደሚውል አስቡ

እዚህ አሜሪካ የልጆቻችን ጥያቄ ከጫማና ከስልክ አልፎ እንስሳ ላይ ደርሷል። ውሻ የሚለምን አለ፣ ድመት የሚለምን አለ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ በማውቃቸው የሐበሻ ቤቶች የፌሬት ስም ሲነሳ እሰማለሁ። ፌሬት ከሙጭልጭላ ወገን የሆነ ትንሽ ሥጋ በል እንስሳ ነው። ሰውነቱ ረዘም፣ እግሩ አጠር ያለ ነው፤ ፊቱ ጭምብል ያጠለቀ ይመስላል። ልጆች በስልክ ቪዲዮ ላይ ሲዘልና ሲንከባለል ያዩትና ልባቸው ይሸፍታል። ወላጅም «አይጮህ፣ ውጪ አውጡኝ አይል፣ ቦታ አይፈጅ፤ ለአፓርታማ የተፈጠረ ነው» ብሎ እሺ ይላል።

እንስሳውን አልጠላውም። ብልህ ነው፣ ጨዋታ ይወዳል፣ የለመደውን ሰው ይለያል። የሚያስጨንቀኝ የኛ የስደት ኑሮና የሱ ተፈጥሮ ጨርሶ አለመግጠማቸው ነው። በዚህ አለመግጠም ደግሞ መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው።

ፌሬት በቀን ከ14 እስከ 18 ሰዓት ይተኛል። ይህን የሰማ ወላጅ «እንግዲያው ምን ያስቸግራል?» ይላል። ችግሩ ያለው በቀሩት ሰዓታት ነው። ሲነቃ ከኬጁ ወጥቶ፣ ሰው እያየው፣ በየቀኑ ቢያንስ ሦስት አራት ሰዓት መሮጥና መጫወት አለበት። በብዛት የሚነቃው ደግሞ ጎህ ሲቀድና ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። አሁን የኛን ቤት አስቡት። አባት ገና ሳይነጋ ወደ ኤርፖርት ወይም ወደ ፓርኪንግ ሥራው ወጥቷል። እናት ከአረጋውያን ቤት የሌሊት ሺፍት ጨርሳ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሳ ሌሊቱን ያጣችውን እንቅልፍ ልትተኛ ነው። ማታም ያው ነው፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ፌሬቱ ሲነቃ የሚያገኘው ዝግ ኬጅ ነው። ሽቦውን ይነክሳል፣ ይቧጥጣል። ቀን ከቀን ሲደጋገምበት ይጎሳቆላል፤ እጁን ያስገባለትን ልጅም ይነክሳል። ከዚያ «ክፉ ነው» ተብሎ ጭራሽ አይወጣም።

አገር ቤት ቤት ባዶ አይውልም። አያት አለች፣ አክስት አለች፣ ጎረቤት ሳያንኳኳ ይገባል። ውሻው ግቢ ይጠብቃል፣ ድመቷ አይጥ ታድናለች፤ ማንም ኬጅ ውስጥ አይቆልፋቸውም። አገር ቤት እንስሳ ይደላዋል ማለቴ አይደለም። ውሾቻችን ይራባሉ፣ በድንጋይ ይባረራሉ፣ ሲታመሙ ሐኪም የሚያያቸው ጥቂቶቹን ነው። ይህን ሳስብ ያመኛል። ግን ሰው የሚናፍቅ እንስሳ ቀኑን ሙሉ ብቻውን የሚቆለፍበትን ኑሮ ያየሁት እዚህ ነው።

ወደ ሽታው ልምጣ። ፌሬት ይሸታል። ከባድ፣ ምንጣፍና መጋረጃ ላይ የሚቀር ሽታ ነው። እዚህ ገበያ ላይ የሚሸጡት ብዙዎቹ ገና በጥቂት ሳምንታቸው ተኮላሽተውና የፊንጢጣቸው ዕጢ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ነው ፔት ሾፕ የሚደርሱት። ገዢውም «ሽታው ወጥቶለታል» ይባላል። አልወጣለትም። ዋናው ሽታ የሚመጣው ከቆዳው ቅባት ነው። ቶሎ ቶሎ ቢያጥቡት ደግሞ ቆዳው ሲደርቅ ብዙ ቅባት ያመነጫል፤ ሽታውም ይብሳል።

ይህን ሳስብ የጥርኝ ነገር ይመጣብኛል። በጅማና በኢሉባቦር አካባቢ ገበሬዎች ጥርኝን በጠባብ የእንጨት ቤት አስረው ዝባድ የሚባለውን ሽታማ ቅባቱን እየፋቁ ያወጣሉ። ዝባዱ በቀንድ ታጭቆ ለውጭ የሽቶ ፋብሪካዎች ሲሸጥ ኖሯል። የእንስሳት ተቆርቋሪዎች ያንን ጠባብ ቤት አይተው ኮንነውታል፤ እውነታቸውን ነው። እዚያ እንስሳው ለሽታው ሲባል ይታሰራል፤ እዚህ ደግሞ ሰው ቤት እንዲኖር ሲባል የሽታ ዕጢው ተቆርጦ ይወጣል። ሁለቱም ላይ እንስሳው አልተጠየቀም። እኛ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ስንሻገር የአንዱን ጭካኔ እያየን የሌላውን እንደ ሥልጣኔ መውሰድ የለብንም።

ምግቡም የራሱ ጣጣ አለው። አንጀቱ አጭር ነው፤ የበላው በሦስት አራት ሰዓት ውስጥ ይወጣል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ይበላል፣ ቶሎ ቶሎ ይጸዳዳል። ሳጥን ላይ ቢለምድም አልፎ አልፎ የቤቱን ጥግ ይመርጣል። ሰውነቱ የተሠራው ለሥጋ ብቻ ነው፤ እህልና ፍራፍሬ አይፈጭም፣ ጣፋጭ ይጎዳዋል። እኛ ደግሞ ፍቅራችንን የምንገልጸው በማጉረስ ነው። ቁራሽ ድፎ ዳቦ፣ ከወጥ የተረፈ መረቅ ለኛ ቸርነት ነው። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ግን ለፌሬት መርዝ ነው፤ ያለ ሽንኩርት የሚሠራ ወጥ ደግሞ ቤታችን የለም። ልጆቹን መከልከል ይቻላል። እንግዳውን፣ አያትየውን፣ ለቡና የመጣችውን ጎረቤት ሁሉ መከልከል ግን ከባድ ነው።

ጎማና ስፖንጅ ማኘክ ይወዳል። የሪሞት ቁልፍ፣ የስኒከር ሶል፣ የሶፋ ውስጥ ስፖንጅ ያገኘውን ይቦጭቃል። የዋጠው አንጀቱን ከዘጋው ቶሎ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገለት ይሞታል። ዋጋው በሺህ በሚቆጠር ዶላር ነው። የሚያክመውም ሁሉም ክሊኒክ አይደለም፤ እንዲህ ያሉ እንስሳትን የሚያውቅ ሐኪም መፈለግ ያስፈልጋል። አንዲት የማውቃት እህት ለልጇ ልደት የገዛችው ፌሬት በዚህ ምክንያት ታመመባት። ሐኪሙ የጠራው ዋጋ እናቷን ለማሳከም ወደ አገር ቤት ልትልክ ካዘጋጀችው ገንዘብ ይበልጥ ነበር። ልጁ ያለቅሳል፣ እናት አገር ቤት ትጠብቃለች፣ እንስሳው ያቃስታል። ማንም ሰው እዚህ ምርጫ ውስጥ እንዲገባ አልመኝም።

ከሦስት አራት ዓመቱ በኋላ ሌላ ይመጣል። ከኩላሊት በላይ ያለው የአድሬናል ዕጢ በሽታና ኢንሱሊኖማ የሚባለው ቆሽት ላይ የሚወጣ እጢ በአሜሪካ ፌሬቶች ላይ በጣም የተለመዱ ናቸው። ፀጉሩ ይረግፋል፣ ስኳሩ ወርዶ ይዝላል። የአድሬናሉን በሽታ ባለሙያዎች በልጅነት ከመኮላሸት ጋር ያያይዙታል። ያልተኮላሸች ሴት ደግሞ ወንድ የምትፈልግበት ወቅት ሲመጣ ካልተጠቃች ሆርሞኑ መቅኒዋን ጎድቶ በደም ማነስ ሊገድላት ይችላል። ዕድሜው በአብዛኛው ከ5 እስከ 8 ዓመት ነው። በ9 ዓመቱ የተገዛለት ልጅ እንስሳው ሲታመምና ሲሞት የሚያየው በጉርምስናው መሃል ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። ፌሬት የሰውን ኢንፍሉዌንዛ ይይዛል። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1933 ለንደን ውስጥ ተመራማሪዎች የሰውን የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ለመጀመሪያ ጊዜ ለይተው ያወጡት በፌሬት ነው። በ1936 ደግሞ ከፌሬት ወደ ሰው እንደሚተላለፍ ታየ። አብዛኞቻችን የምንሠራው ሆስፒታል፣ የአረጋውያን ቤትና ታክሲ ውስጥ ነው። ክረምት ላይ ጉንፋን ይዘን መግባታችን አይቀርም። ጨቅላ ሕፃን ያለበት ቤት ደግሞ ሌላ ጭንቀት ነው። ፌሬት ሕፃናትን ክፉኛ ነክሶ ያቆሰለበት ጊዜ አለ፤ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ብቻቸውን መተው አይገባም።

ሕጉንም ማየት ግድ ነው። ካሊፎርኒያና ሃዋይ ፌሬት ማሳደግ ይከለክላሉ። ኒውዮርክ ከተማም እ.ኤ.አ. በ1999 ከልክላለች፤ በ2015 ይነሳ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥም ክልከላው ጸንቷል። እኛ ደግሞ ሥራ ባገኘንበት የምንዘዋወር ሕዝብ ነን። ከቨርጂኒያ ወደ ሎስ አንጀለስ የሚሄድ ቤተሰብ ፌሬቱን ይዞ መግባት አይችልም። ተከራይ የሆነ ሰውም የኪራይ ውሉን ደግሞ ያንብብ።

«ወደ አገር ቤት ስንመለስ ይዘነው እንሄዳለን» የሚሉም አጋጥመውኛል። እባካችሁ ተዉት። ኒውዚላንድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጥንቸል ይቀንሱልናል ብላ ፌሬት አስገባች። የአገሩን ወፎች ፈጇቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ሽያጩንና እርባታውን እስከመከልከል ደርሳለች። እኛም የትም የሌሉ ወፎችና እንስሳት አሉን። ፌሬቱም ቢሆን አይተርፍም። ዲስቴምፐር የሚባለው የውሻ በሽታ ከያዘው ማለት ይቻላል ሁልጊዜ ይገድለዋል፤ ክትባት ያላገኘ ውሻ በየሰፈሩ በሚዞርበት አገር ይህ ቅርብ አደጋ ነው። ያው በሽታ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሌ ተራሮች ላይ ቀይ ቀበሮዎቻችንን ፈጅቷል፤ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡት እነዚያን ቀበሮዎች። ሙቀትም አይችልም። 30 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ሊሞት ይችላል፤ ድሬዳዋ ወይም ባሕር ዳር ላይ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ለምን እንደምንገዛው ነው። ብዙ ጊዜ እንስሳው የሚገዛው እኛ ቤት ስለማንውል ነው። ልጁ ብቻውን ስለሚውል የሚያጫውተው እንስሳ እናመጣለታለን። ግን ፌሬትም ሰው የሚፈልግ ፍጡር ነው። ሁለት ብቸኞችን አንድ አፓርታማ ውስጥ ዘግቶ መውጣት የልጁን ናፍቆት አይቀንስለትም። ልጁ የጠየቀው ፌሬት ቢሆንም፣ ከሥራ የተቀነሰ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የሚበልጥበት ይመስለኛል።

ቀድሞ የገዛችሁ ደግሞ አትደንግጡ፣ አውጥታችሁም አትልቀቁት፤ ቤት ያደገ ፌሬት ውጪ አድኖ ለመኖር ይቸገራል። የእብድ ውሻ በሽታና የዲስቴምፐር ክትባቱን አስከትቡት። የሶፋና የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ሥርና ውስጥ ሳታዩ አትጠቀሙ፤ እዚያ ገብቶ ይተኛል። ጉንፋን የያዘው ሰው ማስክ ያድርግ፣ ባይነካውም ይመረጣል። ሰዓታችሁ ካልበቃው በብዙ ስቴቶች ፌሬት ብቻ የሚቀበሉ የበጎ ፈቃደኞች መጠለያዎች አሉ። ደውላችሁ ሁኔታውን በግልጽ ንገሯቸው። ልጁንም ይዛችሁት ሂዱ፤ ለማን እንደሚሰጥ ይየው፣ የሚፈልገውን ይጠይቃቸው።