ጽድ ከጉቶው አይነሳም

የጎጃም ሰዎች፣ ወገኖቼ፣ ዛሬ ቅር የሚያሰኝ ነገር ልናገር ነው። ተቆጡኝ ግድ የለም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቡኝ። ወቀሳው ለራሴም ነው።

ባለፈው ጥር ለዘመድ ሠርግ አገር ቤት ገብቼ ነበር። ከመኪና ወርጄ ወደ ቤታችን የሚወስደውን አቋራጭ ስይዝ የት እንዳለሁ ጠፋኝ። በልጅነቴ ከብት የጠበቅሁበት፣ ዝናብ ሲመጣ የተጠለልሁበት የፈረንጅ ጽድ ደን ከላይ እስከ ታች ተመንጥሯል። ሜዳው ጉቶ በጉቶ ሆኗል። አንዱ ጉቶ ላይ ቁጭ አልሁ። ሙጫው ገና አልደረቀም፣ ሱሪዬ ላይ ተጣበቀ። ሽታው ያው የድሮው ነው። አጠገቤ ለማገዶ ቅርንጫፍ የሚለቅም ጎረምሳ ነበርና "መቼ ነው መልሳችሁ የምትተክሉት?" አልሁት። "ምን ይተከላል ጋሼ፣ ያቆጠቁጣል እኮ" አለኝ።

አያቆጠቁጥም!

በልጁ አልፈርድም። ያደገው ባሕር ዛፍ እያየ ነው። ባሕር ዛፍ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ አብሮን ኖሯል፣ ቤት ሠርቶልናል፣ ልጅ አስተምሮልናል፣ ስትቆርጠው ደግሞ ከጉቶው አራት አምስት ቡቃያ አውጥቶ ተመልሶ ይመጣል። እሱ ነው እጃችንን ያስለመደው። ቆርጠን እንሄዳለን፣ ዛፉ የራሱን ጉዳይ ራሱ ይጨርሳል። የፈረንጅ ጽድ ግን እንዲህ አይደለም፣ ለጣውላ የምንተክለው ባለ መርፌ ቅጠሉ ፓቱላም አይደለም። አንዴ ከተቆረጠ ሞተ። ሌላ ጣውላ የፈለገ ሰው ሌላ ችግኝ መትከል፣ ከዚያ ሃያ ሃያ አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት። ይህን የማያውቅ ገበሬ መጋዝ ይዞ ጽድ ደን ውስጥ ሲገባ የልጁን ቤት እያፈረሰ መሆኑን ማን ይንገረው? እኔና እናንተ ነበርን፣ ዝም አልን።

"ደኑን ማን ሸጠው?" ብዬ ብጠይቅ አንዱ ወደ ሌላው ጠቆመ። የማንንም ስም አልጠራም። ግን ቀን በደረሰኝ የተቆረጠው ያህል ሌሊት በመጥረቢያ እንደሄደ ሁሉም ያውቃል። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ስንት የመንግሥት ደን እንዲሁ አለቀ። ያኔ "ያባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ" ተባባልን። ዛሬም ጊዜው ክፉ ነው፣ ኑሮው ከብዷል፣ ጠባቂም የለም፣ አውቃለሁ። ግን የመንግሥት ነው ብለን የምንቆርጠው ደን ምንጩ የኛ፣ መሬቱ የኛ፣ ጎርፉም ወደኛው ማሳ ነው የሚወርደው። የ2010ሩ የደን አዋጅ ቁጥር 1065 እኮ ግለሰብም፣ ማኅበርም፣ ማኅበረሰብም የደን ባለቤት መሆን እንደሚችል ደንግጓል። ባለቤት ሁኑ ተብለን እንደ ሌባ የምንቆርጠው ምን ሆነን ነው?

"ተክለናል እኮ" የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ከ2011 ጀምሮ ክረምት በመጣ ቁጥር እንተክላለን። እኔም ወጥቼ ተክያለሁ፣ ፎቶም ተነስቻለሁ። በዓመቱ ሄጄ አንዱን የደረቀ ችግኝ ስነቅለው ግን አፈርሁ። ጥቁሩ ፕላስቲክ እንዳለ ነው። ሥሩ መውጫ አጥቶ ፕላስቲኩ ውስጥ እንደ ክር ጥቅል ተጠማዞ ደርቋል። የተከለው ሰው ፕላስቲኩን ቀዶ ለማውጣት አንድ ደቂቃ አልሰጠውም። ምናልባትም የተከልሁት እኔው ነኝ። ጉድጓዱ እንደ ሽሮ ድስት ጠባብ፣ አረሙ አልተነቀለ፣ በጥቅምት ደግሞ ከብቱ ይለቀቅበታል። እንዲህ አድርገን አንድ ሚሊዮን ብንተክል ምን ዋጋ አለው? መቶ ተክሎ መቶውን ሦስት ዓመት ማጠር፣ ማረምና መጠበቅ ይሻላል።

ፓቱላማ ከችግኝ ጣቢያው ጀምሮ ጉዳይ አለው። ሥሩ አብሮት የሚኖር ፈንገስ ይፈልጋል። ከድሮ ፓቱላ ሥር አፈር አምጥተህ ችግኙ አፈር ውስጥ ካልቀላቀልህለት ቢጫ ሆኖ ይቀጭጫል። የድሮ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኞች ይህን በደንብ ያውቃሉ። ጠይቋቸው፣ ሳያልፉ።

ሌላው ጥፋታችን ደኑን ማሳሳትን፣ ማለት የተጠጋጋውን ዛፍ እየቆረጡ መቀነስን፣ መፍራታችን ነው። ጽድ በሁለት ሜትር ተኩል ርቀት ሲተከል ሄክታሩ 1,600 ችግኝ ይይዛል። ይህ ሁሉ ጣውላ እንዲሆን አይደለም። ገና በልጅነቱ ይጠጋጋና ቀጥ ብሎ ይደግ፣ ከዚያ ደካማውና ጠማማው በየጊዜው እየተነሳ ጠንካራው ይወፍር ተብሎ ነው። እኛ ወይ አንነካውም፣ ወይ ገዢ ሲመጣ ወፍራም ወፍራሙን መርጠን እንሸጥና ቀጫጫውን ለዘር እናስቀራለን። የርቢ ኮርማውን አርዶ ቀጫጫ ጥጃ ለዘር የሚያስቀር ገበሬ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የታችኛው ቅርንጫፍም በጊዜው ካልተገረዘ ጣውላው ጉጥ በጉጥ ይሆናል። አናጢው ዋጋ ሲቀንስባችሁ ታዲያ አትቆጡት።

ያልሳሳ የጽድ ደን ውስጥ ገብታችሁ ታውቁ እንደሆነ በጠራራ ቀን ይጨልማል። መሬቱ ላይ ደረቅ ቅጠል ብቻ፣ ሣር የለ፣ ወፍ የለ። ሲሳሳ ግን ፀሐይ ይገባል። በሁለት በሦስት ክረምት ክትክታው፣ አጋሙ፣ ወይራው፣ አንዳንዴም ዝግባው ማንም ሳይተክለው ብቅ ይላል። አብዛኛውን ዘር ያመጡት ወፎች ናቸው። ከዚያ ቆቅ ይመጣል፣ ሚዳቋ ትጠለላለች፣ ድኩላም ካለ ይገባል። እኔ ራሴ በልጅነቴ ያየሁት ነው። ደኑ በነፋስ በተገነደሰበት በኩል ብቻ ነበር ወፍ የሚንጫጫው። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ስለዚህ ለጣውላ ስትቆርጡ ሁሉንም በአንድ ዓመት አትመንጥሩት። በቁራጭ በቁራጭ ቁረጡ፣ የተቆረጠው ተተክሎ ቀና ሲል ወደሚቀጥለው እለፉ፣ በተለይ ተዳፋት ከሆነ። የወንዙን ዳርቻ ላገር በቀሉ ተዉለት። አንድ ሁለት የደረቀ አሮጌ ዛፍም እንደ ቆመ ይቅር። ግንደ ቆርቁር ይፈለፍለዋል፣ በፈለፈለው ውስጥ ሌላ ወፍ ይገባበታል፣ ንብም ይሰፍርበታል።

የሐበሻ ጽዱና ዝግባው ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል። ሁለቱም ወንድና ሴት አላቸው፤ ፍሬ የምታፈራው ሴቷ ብቻ ናት። ወንዱን ከጨረስነው ሴቷ ብቻዋን ቆማ ፍሬዋ መካን ይሆናል። በየአድባራቱና በየገዳማቱ ቅጥር የቀሩት ጥቂት ዛፎች የአገር ዘር ጎተራ ናቸው። ካህናት አባቶቼ፣ በስንት መቶ ዓመት ያቆያችሁትን ለአዳራሽ ማሠሪያ ብላችሁ አትስጡብን።

በአንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ መመካት ምን እንደሚያመጣም አዊ ላይ አይተናል። የፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬ ዲከረንስ ከሚባለው የፈረንጅ ግራር በሚያከስለው ከሰል ኑሮው ተለውጦ ነበር። በኋላ በሽታ ገባና ያ ሁሉ ማሳ መድረቅ ጀመረ። ጽድንም ጭማቂውን እየመጠጠ የሚያደርቅ ትንሽ ተባይ አለ። ስለዚህ መሀሉን ጽድ ብታደርጉት ዳሩን ወይራ፣ ኮሶ፣ ዝግባ አድርጉት።

የከተማ ሰዎችም፣ ለገና ብላችሁ ጫፉን አታስቆርጡ። ጫፉ የተቆረጠ ጽድ ሁለት ቀንድ አውጥቶ ያድጋል፣ ለጣውላ አይሆንም።

ነጋዴ ገንዘብ ይዞ ወደ ቀበሌያችሁ ሲመጣ ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት ጠይቁ። ችግኙን ማን ያፈላል? ማን ይተክላል? ሦስት ዓመት ማን ያጥራል? መልስ ከሌለ መጋዙ አይግባ።

ያን ጎረምሳ ከሠርጉ በኋላ መልሼ አገኘሁት፤ ስልክ ተለዋወጥን። በግንቦት 200 ጉድጓድ ሊቆፍር፣ እኔ ደግሞ የአጥሩን ወጪ ልችል ተስማምተናል። የዝግባውን ፍሬ ከደብሩ ቅጥር ሊለቅም አለቃው ፈቅደውለታል። ቅርፊቱ ድንጋይ ስለሆነ ካልሰነጠቁት ለወራት አይበቅልም። ባለፈው ሳምንት ደውሎ "በመዶሻ ነው በድንጋይ የምሰነጥቀው?" ብሎ ጠየቀኝ። ቀስ አድርገህ በድንጋይ፣ ውስጡን እንዳትጎዳው አልሁት።