«መድኃኒቱ ለመደኝ» ማለት ምን ማለት ነው?

የሰፈራችን አንድ አባት የደም ካንሰር ታማሚ ናቸው። በየቀኑ ከምሳ ጋር አንድ ክኒን ይውጣሉ። ባለፈው ልጠይቃቸው ስሄድ እስካሁን ማለቅ የነበረበት ብልቃጥ ግማሽ ድረስ አለ። «ምነው ጋሼ?» አልኳቸው። «ሰውነቴ ለመደው መሰለኝ፣ ትንሽ ላሳርፈው ብዬ ነው።»

እኔ ጥፋቱን በቃሉ ነው የማላክከው። «መድኃኒት የተላመደ» ሲባል ሰው የሚመጣለት በርበሬ የለመደ ምላስ ነው። ትንሽ ከተወው እንደገና ያቃጥለዋል! ካንሰር ላይ ግን የሰውዬው ሰውነት ምንም አልለመደም። ሴሉም ቢሆን ቁጭ ብሎ አይለምድም። ለየት ብሎ የተፈጠረው ይተርፋል፣ ሌላው ያልቃል።

የጋሼ በሽታ ሲኤምኤል ይባላል። ሴል ውስጥ ዘረ መል የሚሸከሙት ክሮች፣ የ9ኛውና የ22ኛው ክሮሞዞም ቁራጮች ቦታ ሲለዋወጡ ቢሲአር-ኤቢኤል የሚባል ፕሮቲን ይፈጠራል። እሱም ሴሉን ሌት ተቀን «ተባዛ» እያለ ይወተውታል። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ የጸደቀው ኢማቲኒብ የሚባለው ክኒን፣ ብዙዎች ግሊቬክ የሚሉት፣ ፕሮቲኑ ላይ ያለች ጎድጓዳ ቦታ ውስጥ ገብቶ ይወተፋል። ውትወታው ይቆማል። እኛም አገር በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በነፃ እየተሰጠ ስንቱን አቆይቷል።

ሴል ሲባዛ ግን የግልባጭ ስህተት አይቀርም። ስመ ጥሩዋ ስህተት ቲ315አይ ናት። ከሺህ በላይ አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን ጡቦች በላቸው) ውስጥ 315ኛው፣ ትሪዮኒን የነበረው፣ አይሶሉሲን ይሆናል። በቃ፣ ይቺው ናት። አይሶሉሲን ወፈር ስለሚል ክኒኑ ጎድጓዳዋ ውስጥ አይገባም። ጎረቤቶቿ ሲሞቱ ይቺ ስህተት ላለባት ሴል ሜዳው ተለቀቀላት ማለት ነው። ቀጥለው የመጡት ዳሳቲኒብና ኒሎቲኒብም አይችሏትም። ለእሷ ፖናቲኒብ እስኪመጣ እ.ኤ.አ. 2012 ደረሰ። እ.ኤ.አ. 2021 ላይ የጸደቀው አሲሚኒብ ደግሞ ጭራሽ በሌላ በር ነው የሚገባው። መድኃኒቱን ከውስጣቸው እየረጩ የሚያስወጡ ሴሎችም አሉ።

ስለዚህ «አልሠራ አለ» ሲባል ዝም ብሎ ክኒን መቀየር አይዋጥልኝም። የትኛው ስህተት እንደሆነ ይመርመር፤ መድኃኒቱ የሚመረጠው በዚያ ነውና። ሐኪሞችም «ተላመደ» ብለው ባይሸኙን ጥሩ ነበር። ክኒን በተዘለለ ቁጥር ሴሎቹ መባዣ ጊዜ ያገኛሉ፣ በተባዙ ቁጥር ደግሞ ስህተቱ ይበዛል። ይህን ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

ለጋሼ ይህንኑ ስነግራቸው ብልቃጡን አነሱና «ታዲያ የዘለልኩትን አሁን ደርቤ ልዋጠው?» አሉ።

«ኧረ አይደረብም ጋሼ! የዛሬውን ብቻ ይውሰዱ፣ ነገ ለሐኪምዎ ስንት ቀን እንደዘለሉ በትክክል ይንገሩ።»

«ይቆጣኛል እኮ» አሉ።